ቁልቁለትና ባትሪ
(በሁለት ሞተር ስለሚሄደው መኪና)

በዚህ ጽሑፍ ለመጽሔታችን አንባቢዎች ላስረዳ የፈለግሁት በቤንዚንና በኤሌክትሪክ ስለሚሄደው፣ ሃይብሪድ ስለሚባለው መኪና አሠራር ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ወሰነ፣ ከእንግዲህ ሃይብሪድን መማር ምን ይጠቅማል የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ ሁለቱንም ዓይነት መኪና የሚፈትነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም በዳገት ያወጣነውን ኀይል በቁልቁለት ልናስመልሰው እንችላለን ወይ የሚል ነው።

ቶዮታ ኩባንያ ፕሪየስ የተባለውን ሃይብሪድ በጃፓን ለገበያ ያወጣው በ1990 ዓ.ም. ነበር። በዚህ መኪና ውስጥ እኛ የምናውቀው ካምቢዮ የለም፤ ፍሪሲዮንም የለም። በምትኩ ሦስት ክፍል ያለው ማርሽ ተቀምጧል። በመካከል ያለው 30 ጥርስ ሲኖረው ከዲናሞው ጋር ተያይዟል። ዙሪያውን የከበበው ቀለበት ወደ ውስጥ የዞሩ 78 ጥርሶች አሉት፤ እርሱም ከኤሌክትሪክ ሞተሩና ከጎማዎቹ ጋር ተያይዟል። በሁለቱ መካከል የሚሽከረከሩትን ትንንሽ ማርሾች የተሸከመውን ክፍል ደግሞ የቤንዚን ሞተሩ ያዞረዋል።

የመካከለኛውን ዙር በ30፣ የቀለበቱን ዙር በ78 አባዝተን ብንደምር፣ የቤንዚን ሞተሩን ዙር በ108 ያባዛነውን ያህል ይሆናል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ በደቂቃ 1,000 ጊዜ ቢዞር ዲናሞው 3,600 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ቀለበቱ 1,000 ጊዜ ቢዞር ግን ዲናሞው ወደ ኋላ 2,600 ጊዜ ይዞራል። (አንባቢው በእርሳስ ይሞክረው።) ስለዚህ ኮምፒዩተሩ የዲናሞውን ፍጥነት በመለዋወጥ ብቻ ሞተሩን ነዳጅ በሚቆጥብበት ዙር ያቆየዋል። ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ማርሽ ሳይነካ ማርሽ መቀየር!

አሁን ወደ መንገዳችን እንመለስ። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል፣ ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ይላሉ። 1,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 900 ሜትር ሲወጣ በፊዚክስ እንደ ተማርነው 12.3 ሚሊዮን ጁል፣ ማለት 3.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያከማቻል። ሲወርድ ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛውን የጎማ ፍትጊያና ነፋስ ወሰዱት ብንል እንኳ 1.1 ይቀራል። የሁለተኛው ፕሪየስ ባትሪ በጠቅላላው 1.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ነገር ግን ዕድሜው እንዳያጥር ከመቶ ከ40 እስከ 80 ባለው መካከል ስለሚጠበቅ፣ የሚቀበለው ቢበዛ ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ኮምፒዩተሩም ከፊቱ ቁልቁለት እንዳለ ስለማያውቅ ባትሪውን አስቀድሞ አያጐድልም። በዚህ ምክንያት ቁልቁለቱ ሳያልቅ ባትሪው ይሞላል።

ከዚያ በኋላ ሾፌሩ «ቢ» የሚለውን ማርሽ ያስገባል። ያን ጊዜ ዲናሞው የቤንዚን ሞተሩን ያለ ነዳጅ ያዞረዋል፤ ሞተሩም አየር እያመቀ ትርፉን ኀይል ይበላዋል። የአይሱዙ ሾፌሮች በከባድ ማርሽ የሚወርዱትም ለዚሁ ነው። ነዳጅ ቆጠብሁ ብሎ ማርሽ አውጥቶ የሚወርድ ግን ፍሬኑን ያግላል እንጂ የሚያተርፈው የለም።

50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው የኤሌክትሪክ መኪና ይህችን 1.1 በቀላሉ ይቀበላል። ይሁን እንጂ ደብረ ታቦር ላይ መቶ ከመቶ ተሞልቶ ከተነሣ እርሱም ቦታ አይኖረውምና ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ይጀምራል። ከላይ የሚነሣ ሰው ባትሪው ከመቶ 90 ሲደርስ ነቅሎ ቢወርድ ይሻለዋል።