የፈረንጁ ስም የት ገባ? በጎንደር የባዕዳን ስሞችን ዱካ ስለ መከተል

አንድ የጎንደር ተማሪ በዘሩ ውስጥ ፈረንጅ እንደ ነበረ ከአያቱ ቢሰማ፣ መጀመሪያ የሚፈልገው እንግዳ የሚመስል የአያት ስም ነው። ያንን ባያገኝ ታሪኩን ተረት ነው ብሎ ይተወዋል። ይህ መደምደሚያ ግን የስማችንን አሠራር ካለመመርመር የሚመጣ ነው።

ስማችን ሦስት ቦታ ብቻ ያለው መዝገብ ነው ብለን እናስብ። ልጅ ሲወለድ አዲስ ስም ከፊት ይገባል፤ ከኋላ ያለው ይወጣል። ስለዚህ የአንድ ሰው ስም በራሱ፣ በልጁና በልጅ ልጁ ላይ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ የለም። ለአንድ ትውልድ 25 ዓመት ብንሰጥ፣ ሰውየው ከተወለደ ከ75 ዓመት ገደማ በኋላ የሚወለደው ዘሩ ስሙን አይሸከምም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ቢያስገባም ልማዱ አልተለወጠም።

ከዚህ የባሰ ችግርም አለ። በእኛ ሥርዓት ወደ ልጅ የሚተላለፈው የሰውየው የራሱ ስም እንጂ የቤተሰቡ ስም አይደለም። የዐፄ ቴዎድሮስ ባለሟል የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ቤል ጥሩ ምሳሌ ነው። ሊቀ መኳስ ተብሎ ተሹሞ፣ ኢትዮጵያዊት አግብቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1860 ከጎንደር በስተሰሜን በተደረገ ውጊያ ሞተ። አገሬው የሚጠራው ዮሐንስ ብሎ ነበር። እንግዲህ በደጋው ውስጥ «እገሌ ዮሐንስ» የሚባል ልጅ ከእንግሊዛዊ መወለዱን ከስሙ ማን ሊለየው ይችላል? ከሴቶች ልጆቹ አንዷ ቴዎፊል ዋልድማየርን አገባች፤ እርሱም ኋላ በሊባኖስ የብሩማናን ትምህርት ቤት የመሠረተው ሚስዮናዊ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1541 ወደ አገራችን የመጡት 400 ያህል ፖርቱጋሎችም እንዲሁ ናቸው። የተረፉት ከአገሬው ተጋብተው ተዋለዱ። ዘሮቻቸው በጎንደር ዘመን የሚታወቁት በየግል ስማቸው ሳይሆን በጅምላ መጠሪያ ነበር፤ «ፈረንጅ» የሚለው ቃል ራሱ «ፍራንክ» ከሚለው የሕዝብ ስም በዐረብኛ በኩል የደረሰን ነው።

ቋሚ የቤተሰብ ስም ቢኖረንስ? ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር እ.ኤ.አ. በ1847 መጥቶ የሰሜኑን ገዥ ደጃዝማች ውቤን፣ ቀጥሎም ዐፄ ቴዎድሮስን አገለገለ። ከኢትዮጵያዊት የወለዳት ካታሪና በጋፋት መድፍ ያቀልጥ ከነበረው ከሞሪትዝ ሆል ጋር ተጋባች። የእነርሱ ልጅ ማግዳሌና ባሮን ፕላቶን ፎን ኡስቲኖቭን አገባች፤ የልጅ ልጇም ታዋቂው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ (1921–2004 እ.ኤ.አ.) ነው። በስሌት ከ16 እጅ አንዱ ኢትዮጵያዊ ነበር ማለት ነው። ከስሙ ግን ይህን የሚጠቁም አንድ ፊደል አናገኝም፤ መስመሩ በሁለት ሴቶች በኩል ስላለፈ ዛንደር ወደ ሆል፣ ሆል ወደ ኡስቲኖቭ ተለውጧል። የአውሮፓው ስም እንደ ወንዴው ዋይ ክሮሞሶም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይሄዳልና። ጋልተንና ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ1874 ባወጡት ጽሑፍ የመረመሩትም እንዲህ ያሉ ስሞች ወንድ ልጅ በማጣት እንዴት እንደሚጠፉ ነው። (የዕፀዋት ተመራማሪው ሺምፐር ይሻላል፤ በሰሜንና በትግራይ ከ40 ዓመት በላይ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1878 ሲሞት፣ ስሙ እንደ ኢዩፎርቢያ ሺምፐሪያና ባሉ ተክሎች ላይ ቀርቷል። ተክል ስም አይለውጥም።)

ለዚህ ፍለጋ የተሻለው መሣሪያ በእጃችን ያለው ነው፦ ሰባት ቤት መቁጠር። ለጋብቻም ለርስትም ሲባል አባቶቻችን ትውልድን በአባትም በእናትም በኩል ይቆጥሩ ነበር። የርስት ክርክር በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ሲቀር ከቆጠራው ምክንያቶች አንዱ ቀርቷል፤ ስለዚህ የሚያውቁት አረጋውያን በሕይወት ሳሉ መጻፍ ያስፈልጋል። ወላጆችን አንድ ብለን ብንጀምር በሰባተኛው ቤት 128 ቅድመ አያቶች አሉ፤ በዘመድ መካከል ጋብቻ መከልከሉም መደጋገማቸውን ይቀንሳል። ከእነዚህ ውስጥ የቤተሰብ ስም የሚከተለው አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪው ደብተሩን ይዞ አያቱ ዘንድ ሲመለስ የእናቷን እናት፣ የመጣችበትን አገርና የእያንዳንዱን የክርስትና ስም ጭምር ይጠይቃት።