‘ማውንቲንግ’ን በጨርጨር ማስተማር

ልጄ፣

ከኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ተመርቀሽ እዚሁ ምዕራብ ሐረርጌ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆነሽ መመደብሽን ስሰማ በጣም ደስ ብሎኛል። ‘ማውንቲንግ’ የሚለው ቃል በየገጹ ሌላ ትርጉም እየያዘ ተማሪዎችሽን እንዳስቸገራቸው ጽፈሽልኛል። ዕድሜዬን በጠመኔ የፈጀሁ ሰው ነኝና የማውቀውን ላካፍልሽ።

1. ከመንገዱ ጀምሪ። የቃሉ ሥር ተራራ ማለት የሆነው የላቲኑ ‘ሞንስ’ ነው። ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ፣ ከገቡት ብዙ የፈረንሳይኛ ቃላት ጋር አብሮ ገባ። ልጆቹ ግን ለዚህ ላቲን አያስፈልጋቸውም፤ የሚያውቁት መንገድ ይበቃቸዋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር፣ ድሮ የነበረው እንዳደረገው ሁሉ፣ ተራራውን ሸሽቶ በሚኤሶ ቆላ አድርጎ ወደ ድሬዳዋ ያልፋል። የመኪናው መንገድ ግን ከሚኤሶ ተነሥቶ ወደ ጭሮ፣ ከዚያም ሂርናን አልፎ ወደ ቁልቢ ይወጣል። ከታች ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ከፍ ማለት፦ መሠረቱ ይኸው ነው። አንድ ነገር ግን አስጠንቅቂያቸው። ወደ አሰቦት ገዳም የሚወጣው ምእመን በዛሬው እንግሊዝኛ ‘ክላይም’ ያደርጋል እንጂ ‘ማውንት’ አይባልለትም። ‘ማውንት’ ለደረጃና ለመድረክ ነው። ከተራራ ስም ፊት ሲቆም ደግሞ ማዕርግ ይሆናል፤ ‘ማውንት አሰቦት’ እንደምንለው።

2. ቀጥሎ ወደ ኮርቻው ውሰጃቸው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን (የዛሬዋን ጭሮ) በቆረቆሩበት ዘመን የዚህ አገር ሹም የሚሄደው በበቅሎ ነበር። እርካብ ረግጦ ኮርቻ ላይ መውጣት ‘ማውንቲንግ’ ነው፤ በቅሎዋ ራሷም ‘ማውንት’ ትባላለች። አብዛኞቹ ተማሪዎችሽ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነውና በኦሮምኛቸው ጠይቂያቸው። ‘ያቡ’ መውጣት ነው፣ ‘ያበቹ’ ደግሞ ፈረስ ላይ ወጥቶ መሄድ፤ ሁለቱም ከአንድ ሥር የተመዘዙ ናቸው። ይህን ሲያዩ ክፍሉ ሲነቃ ታያለሽ። የልጁን ቋንቋ ከክፍል የሚያስወጣ አስተማሪ ቀላሉን በር ይዘጋበታል።

3. ‘መጫን’ ብለሽ አትተርጉሚው። እዚህ አገር ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም ልጆቹ ነጋ ጠባ የሚያዩት ጭነት ነው። ገለምሶና በዴሳ ላይ ጫቱ ሳይጠወልግ እንዲደርስ አይሱዙ ላይ በጥድፊያ ይጫናል። ቡናው በጆንያ፣ እንጨቱ በአህያ ይጫናል። ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ‘ሎዲንግ’ ነው። ‘ጆንያውን ማውንት አደረግሁት’ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ጆንያውን በብሎን ያሠረው ያስመስላል። አህያዋን ‘ማውንት’ ካደረጋት ደግሞ የተቀመጠባት እሱ ራሱ ነው።

4. ከስም ፊት ሲመጣ ጊዜ ስጪው። ‘ማውንቲንግ ዴት’፣ ‘ማውንቲንግ ፕሬሸር’ ሲባል ነገሩ እየተደራረበ፣ እየከበደ፣ ገና እያደገ ነው። የአንድ ቀን ጭማሪ አይበቃውም፤ ስኳር ዛሬ ዋጋው ቢጨምር ‘ማውንቲንግ’ አይባልም። በኤልኒኞ ምክንያት በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ወረዳዎቻችንን እንዴት እንደጎዳ ከወላጆቻቸው የሰሙ አሉ። ዝናቡ ሲቀር ሣሩ ያልቃል፤ ከብቱ ይከሳል፣ ገበያ ላይም ዋጋ ያጣል። እህሉ ግን ይወደዳል። አባት ከሱቅ በዱቤ ይወስዳል፤ ያ ሳይከፈል ሌላ ይጨምራል፤ በየሳምንቱ የመዝገቡ ቁጥር ከፍ፣ የእናት ጭንቀትም ከፍ ይላል። ዕዳውም ጭንቀቱም ‘ማውንቲንግ’ ናቸው። ይህን አንድ ጊዜ በራሳቸው ቤት ቋንቋ ከተረዱ አይረሱትም። ቃሉ የሚወደውን ጓደኛም አስለዪያቸው፦ ዕዳ፣ ጫና፣ ቁጣ፣ ስጋት፣ ውጥረት፣ ማስረጃ። ጉጉትም ይገባል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ክፉ ነው አትበያቸው። ደመወዝ ግን ምንም ቢያድግ ከዚህ ቡድን አይቆጠርም።

5. ለገጠማ ወደ ሠራተኛው ላኪያቸው። ዲሹን ግድግዳ ላይ የሚይዘው ብረት፣ ሶላሩን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ማሠር፣ ሞተሩን ከሻሲው ጋር የሚያያይዘው ጎማና ብረት፣ ፎቶግራፍን ካርቶን ላይ መለጠፍ፣ ዕንቁን ቀለበት ላይ ማስቀመጥ፤ ሁሉም ‘ማውንቲንግ’ ናቸው። እዚህ ላይ ከፍታው ቀርቶ ጸንቶ መቀመጡ ይቀድማል። ሞባይል ጠጋኞች በድሮዎቹ ስልኮች ላይ ሚሞሪ ካርድ ከማውጣታቸው በፊት ‘አንማውንት’ የሚለውን ይጫኑ ነበር፤ ያም ከዚሁ ወገን ነው።

6. ኮርማ ላም ላይ ሲወጣም ቃሉ ይኸው ነው። ሐረርጌ የከብት አገር ነው፤ የግብርና መጽሐፍ ላይ ሲያገኙት ሳትሸማቀቂ ንገሪያቸው።

7. ‘ማውንት’ ጥቃትን፣ ዘመቻን፣ ኤግዚቢሽንን ሲያስከትል አዘጋጅቶ መክፈት ነው። ዜና ላይ ይበዛል፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

8. ቃል ስታስጽፊ ተጠንቀቂ። ‘ማውንቴን’ እና ‘ማውንቲንግ’ በፈጣን ንግግር ይቀራረባሉና ብዙ ልጆች አንዱን በሌላው ቦታ ይጽፋሉ። ቃሉን ብቻውን አትጥሪ፤ ከዓረፍተ ነገር ጋር ጥሪው። ‘አማውንቲንግ’ም የሥጋ ዘመዳቸው ነው፤ እሱ ግን ድምርን ይናገራል። የሱቁ ዕዳ በየሳምንቱ ሲያድግ ‘ማውንቲንግ’፣ መዝገቡ ተደምሮ 2,000 ብር ሲደርስ ‘አማውንቲንግ ቱ’ 2,000 ብር ይባላል። ሁለቱን በአንድ የሱቅ መዝገብ ላይ አጽፊያቸውና ደብተራቸውን ሰብስበሽ ለእያንዳንዱ አርሚለት።