እኛ ስልኩን፣ እናንተ ፊደሉን

ወላጆቻችንና ሽማግሌዎቻችን፣

ዛሬ የምንጽፈው በየቤታችን ስለምናየው ነገር ነው። እኛ አሽቀሎን ተወልደን በዕብራይስጥ የተማርን ልጆች ስልክና ኮምፒውተር የለመድነው ገና በልጅነታችን ነው። ከአያቶቻችን ግን አንዳንዶቹ በ1984 በእግር ሱዳን ደርሰው፣ ሌሎቹ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ መጡ። በዚያ ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ እስራኤል ገቡ። በአንድ ቀን ተኩል አገር ይቀየራል፤ አኗኗር ግን በአንድ ቀን ተኩል አይለመድም።

ዛሬ የኩፓት ሖሊም ቀጠሮም፣ የምርመራ ውጤትም፣ የቢቱዋኽ ሌኡሚ ጉዳይም ብዙው በስልክ ሆኗል። ስለዚህ «ና ልጄ፣ ይህን አንብብልኝ» ትሉናላችሁ። እኛም ቸኩለን ስልኩን ከእጃችሁ ወስደን፣ ቶሎ ቶሎ ነካክተን «አለቀ» እንላለን። እናንተ ግን ምንም ሳትማሩ ቀራችሁ።

ከዚህ ሁለት ጉዳት ይመጣል። አንደኛው የምስጢር ነው። ከመካከላችን አንዷ የእናቷን የምርመራ ውጤት ከእናቷ በፊት አነበበች። እንዴት እንደምትነግራት ጨንቋት ሌሊቱን ሳትተኛ አደረች። ይህ የልጅ ሸክም አይደለም፤ እናትም የራሷን ነገር አስቀድማ ማወቅ ይገባታል።

ሁለተኛው የአደጋ ጊዜ ነው። በከተማችን ሳይረን ሲጮህ መጠለያ ለመግባት ያለን 30 ሴኮንድ ነው። የፒኩድ ሃኦሬፍ መመሪያም በስልክ ይመጣል። በ2023 ጦርነቱ ሲጀመር፣ ልጅ አጠገቡ ለሌለ ሽማግሌ ማን ያንብብለት?

ስለዚህ በክፍላችን እንዲህ ተስማማን፦

1. ስልኩ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። እኛ እናሳያለን፣ እናንተ ትነካላችሁ።
2. በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ እናስተምራለን፤ እስኪለመድም እንደጋግማለን።
3. ማንበብ ለማይችሉ በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት እንጀምራለን።
4. በመልእክት የመጣ የምስጢር ቁጥር ለማንም ደዋይ አይነገርም፤ «ከባንክ ነኝ» ቢልም።

እናንተ ደግሞ ፊደል አስተምሩን። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ስልካችን ከሀ እስከ ፐ ያውቃል፤ እኛ ግን ገና እንፈልጋለን። ይህን ጽሑፍ እንኳ ያረሙልን አባቶቻችን ናቸው። ሀ እና ሐ ስንቀላቅል አልተቆጡንም፤ እንደገና አሳዩን እንጂ። እኛም ስልኩን ስናሳያችሁ እንደዚያው እንታገሣለን።