ካንሰር ሲያገረሽ

«አገረሸባት» በሚለው ቃላችን ውስጥ የተሸሸገ ክስ አለ። ከትኩሳት ያገገመ ሰው ቶሎ ሥራ ከጀመረ ወይም የማይስማማውን ከበላ «ያገረሽብሃል» ይባላል፤ በሽታው ከተመለሰ ጥፋቱ የበሽተኛው ነው እንደ ማለት። እንበልና ከባሌ ሮቤ በስተምሥራቅ፣ በሶፍ ዑመር መንገድ፣ ጎሮ የምትኖር አንዲት እናት ከሦስት ዓመት በኋላ የጡት ካንሰሯ ተመለሰ። ቀድማ የምትጠይቀው «ምን አጥፍቼ ነው?» የሚለውን ነው። ጀሪካን ተሸክሜ ይሆን? ተናድጄ?

ካንሰር የሚመለሰው ከቀዶ ሕክምናና ከኬሞቴራፒ የተረፉ፣ በምርመራ የማይታዩ ጥቂት ሴሎች ተደብቀው ቆይተው እንደገና ሲባዙ ነው። ዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ። ጀሪካን አይቀሰቅሳቸውም። ሐኪሙ ይህን ባሏና ልጆቿ ባሉበት ቢናገር ትልቅ ሸክም ያወርድላታል ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ሸክም ዝምታ ነው። «ተስፋ እንዳትቆርጥ» ብለን ውጤቱን እንደብቃታለን። እሷ ግን ከፊታችን ታነበዋለች፤ እኛን ላለማስጨነቅ ደግሞ እንዳላወቀች ትሆናለች። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁሉም ለየብቻው ያለቅሳል። ሁሉን ባንዴ ማርዳት አያስፈልግም፤ «እማዬ፣ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ? ማንስ አብሮሽ ይስማ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ሐኪሙም ይጠየቅ፦ ይህ ሕክምና ለመዳን ነው፣ ዕድሜ ለማራዘም ነው ወይስ ሥቃይ ለማቅለል? በነበረበት ቦታ ብቻ የተመለሰ ካንሰር አንዳንዴ ይድናል፤ ወደ አጥንት ወይም ወደ ሳንባ የተዛመተው ግን በአብዛኛው የሚታከመው በሽታውን ለመቆጣጠር ነው። ከሮቤ አዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሬ ሸጦ ያን መንገድ የሚጀምር ቤተሰብ ለምን እንደሚሄድ ማወቅ ይገባዋል።

የኑሮ ጥራት የሚባለው ነገር ለሁሉም አንድ አይደለም። ከአርሲና ከባሌ ብዙ ታካሚ የሚመጣበትን የምግብ ቧንቧ ካንሰር እንይ። ገንፎ ቀርቶ ውሃ መዋጥ ያቃተውን አባት ከረሃቡ ይልቅ ከገበታ መለየቱ ሊያንገበግበው ይችላል። በቧንቧው ውስጥ የምትገባ ትንሽ ቱቦ በሽታውን አታጠፋም፤ ለስላሳ ምግብ ግን ታስውጠዋለች፣ ከልጆቹ ጋርም እንደገና ታስቀምጠዋለች።

ሥቃይ ባለበት ቤት ጭንቀትን በምክር ብቻ ማስታገስ አይቻልም። ሞርፊን ሲታዘዝ «አለቀለት ማለት ነው» ብለው የሚደነግጡ ብዙዎች ናቸው። መድኃኒቱ ግን ሥቃዩ እስኪነሳ ሳይጠበቅ፣ በሐኪም በታዘዘው መጠንና ሰዓት ሲወሰድ ያስተኛል፣ ያስበላል። የሆድ ድርቀት ስለሚያመጣ ማለስለሻም አብሮ ይጠየቅ። የተዛመተ የሳንባ ካንሰር ባለባቸው 151 ሰዎች ላይ ቦስተን ውስጥ ተሠርቶ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ የማስታገሻ ክብካቤ (ሥቃይንና ጭንቀትን የማቅለል ሕክምና) ገና ከጅምሩ ከካንሰር ሕክምናው ጋር ያገኙት ድብርታቸው እንደቀነሰ፣ 11.6 ወር ገደማም እንደኖሩ አሳይቷል፤ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ያገኙት 8.9 ወር ነበር የኖሩት። አዲስ አበባ ላይ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማስታገሻ ክብካቤ እየሰጠ ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፍ ያጣች፣ ከሰው የራቀች ታማሚ ድብርት ይዟት ሊሆን ስለሚችል፣ ይህም ይታከማልና ለሐኪም ይነገር።

ጎረቤትም «እንዳላደክማት» ብሎ ቡናውን አያስቀርባት። ካንሰር በሲኒ አይተላለፍም። የስንዴውን ዋጋ፣ የልጆቹን ፈተና እንደ ድሮው ያውሯት፤ ስለ ሕመሟ ልታነሳ የፈለገች ቀን ደግሞ ወሬ ሳይቀይሩ ያዳምጧት።