ለታካሚም ለቅሶ ይደረሳል

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ሆስፒታል የኩላሊት እጥበት ክፍል ነርስ ነኝ። ታካሚዎቼ ማሽን ላይ አራት ሰዓት ስለሚቆዩ እየተጫወትን የልጆቻቸውን ስም ሳይቀር አውቃለሁ። ሂሳብ ክፍል ከመሄዳቸው በፊት «ሲስተር፣ ዛሬን በዱቤ አይሆንም?» የሚሉት እኔን ነው። ሰሞኑን ለዓመታት የተከታተልኳቸው አባት ገንዘብ አጥሯቸው በሳምንት ሦስቴ የነበረውን እጥበት ወደ አንድ አወረዱና አረፉ። እሳቸው ቦታ ላይ ሌላ ሰው አስተኛሁ። እንባዬ እምቢ አለኝ። እናቴ «ልብሽ ደንድኗል» አለችኝ። የዓመት ፈቃድ ከወጣሁ ቆይቷል። ሥራውን ልተወው?
ስሜ ይቆየኝ

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን አክብሬ፣ በዚህ ግን አልስማማም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳንቺ ያለውን የሥራ ዝለት ሲያብራራ ሦስት ምልክት ጠቅሷል፤ አቅም መሟጠጥ፣ ልብ ከሥራው መራቁ፣ «ምን ፈየድኩ» ማለት። በሽታ ነው አላለም፤ መላ ካልተበጀለት የሥራ ጫና የተነሳ ይመጣል ነው ያለው። ስለዚህ ጥፋቱን ልብሽ ላይ አትፈልጊ።

ሌላ ክፍል ያለ ታካሚ ብዙውን ጊዜ ከነርሷ ጋር ሳይላመድ ይወጣል። ያንቺዎቹ ኩላሊት ካልተተከለላቸው ዕድሜ ልካቸውን ይመላለሳሉ፤ ቤተሰብ ይሆናሉ። ሲሞቱ ግን አንቺን «እግዜር ያጥናሽ» የሚል የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሐዘን ፈቃድ የሚሰጠው ለዘመድ ነው (አርቃቂዎቹ እጥበት ክፍል ገብተው አያውቁም መሰለኝ)። እንግዲያው ባልደረባ አስከትለሽ እኚያ አባት ቤት ለቅሶ ድረሺ። ማልቀስ ግዴታ አይደለም። ቤተሰቡ ሁልጊዜ መርፌውን ትሰካላቸው የነበረችውን ሲስተር ማየቱ ያጽናናዋል፤ አንቺም ማሽኑ ሳይኖር ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ትሰሚያለሽ።

የዱቤውን ጥያቄ ከዛሬ ጀምሮ አትሸከሚ። መክፈል ያቃተውን ታካሚ ማን እንደሚያነጋግረው አለቃሽ በጽሑፍ ይወስኑ፤ ይህን እንዲወስኑም ብቻሽን ሳይሆን ከጓደኞችሽ ጋር ፈርማችሁ ጠይቁ።

ፈቃድሽን ውሰጂ፤ ያው አዋጅ ለመጀመሪያው ዓመት እንኳ ከ16 የሥራ ቀን እንዳያንስ ይላል። እንዲህ ዝለሽ ሳለ መልቀቂያ አትጻፊ። ስትመለሺ ለጥቂት ወራት ሌላ ክፍል እንዲያዛውሩሽ ጠይቂ። እምቢ ካሉ ልቀቂ፤ ታካሚዎቼን ከዳሁ ብለሽም አትጸጸቺ።