ምዕራፍ 7፦ መርዶ ነጋሪ ብቻውን አይቁም

በአገራችን ሥርዓት መርዶ አንድ ሰው ብቻውን የሚሸከመው ሸክም አይደለም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎረቤት ይጠራራል፣ ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ ይኬዳል፤ የነገረውም ከሐዘንተኛው ጋር አብሮ ያለቅሳል። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ግን አዋላጇ የጽንሱን ልብ ምት ስታጣ፣ ሽማግሌዋም ጎረቤቷም ራሷ ናት። ዓይኗን ሳትጠርግ ወደሚቀጥለው አልጋ ተሻግራ ሌላዋን ወላድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትላለች።

በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት ከ28ኛው የእርግዝና ሳምንት በኋላ ሞተው ይወለዳሉ። ከብዙዎቹ ጀርባ መርዶውን ለእናት የነገረ አንድ ባለሙያ አለ።

ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ላይ እንዳለችው ሐሮ ወንጪ ባሉ ትንንሽ ከተሞች ሸክሙ ይከብዳል። ሐኪሙና ታካሚው ጎረቤታሞች ናቸው፤ አዋላጇ ያቺኑ እናት በገበያ ቀን ታገኛታለች። እንቅልፍ ማጣት፣ «ቀድሜ ብደርስ ኖሮ» የሚል ጸጸት፣ ከዚያም ልብን ማደንደን ይከተላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ መዛልን ሲገልጽ ሦስት ምልክቶችን ጠቅሷል፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅና «ሥራዬ ለውጥ አያመጣም» የሚል ስሜት። እነዚህን በራሳችሁ ካያችሁ ድካም እንጂ ክፋት አይደለም።

ከመናገር በፊት። ያልተረጋገጠ ነገር አትናገሩ። «የልብ ምቱን መስማት አልቻልኩም፤ በአልትራሳውንድ መታየት አለበት» በሉ። መጋረጃ ዝጉ፣ አብሯት የመጣ ሰው ካለና ከፈቀደች አስገቡ፣ አንድ ባልደረባ ጥሩ።

ስትናገሩ። ቁጭ በሉ። እናቲቱ በምትሰማው ቋንቋ፣ ኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ፣ በአጭሩና በግልጽ ንገሯት፤ ለአስተርጓሚነት ባሏን ወይም ልጇን አታስጨንቁ። ከዚያ ዝም በሉ። «ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» አትበሏት፤ የሞተባት ይኼኛው ነው። ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ ስታውቁ ግን ደጋግማችሁ ንገሯት። ልጇን ማየትና ማቀፍ እንደምትፈልግ ጠይቋት፤ ምርጫው የሷ ነው።

ከተናገራችሁ በኋላ። ዕንባ ሙያን አያዋርድም። የሆነውን ለምታምኑት ባልደረባ በዚያው ዕለት ንገሩ፤ የእናቲቱን ስም ግን ከክፍሉ አታውጡ። ሐዘኑ ሳምንታት አልፈው እንቅልፍና ምግብ ከከለከላችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ሂዱ።

የጤና ጣቢያና የሆስፒታል ኃላፊዎች ሆይ፦ መርዶ የነገረች አዋላጅ ወዲያው ሌላ ወላድ እንድትቀበል አታድርጉ። ጥቂት ደቂቃ ዕረፍት ስጧት፤ አብራት የምትቆም ባልደረባም መድቡላት። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕንፃም መሣሪያም አያስፈልግም፤ ከዛሬው ተረኛ ጀምሩ።