የከተማ ነፍስ በማን ታድራለች? የጄሚሲን መደምደሚያ ልቦለድ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ አንጻር ሲነበብ

አሜሪካዊቷ ደራሲ ኤን. ኬ. ጄሚሲን እ.ኤ.አ. በ2020 «ዘ ሲቲ ዊ ቢኬም» ብላ የጀመረችውን ምናባዊ የከተማ ታሪክ በ2022 «ዘ ወርልድ ዊ ሜክ» በተሰኘው ቀጣይ መጽሐፍ ደምድማዋለች። በልቦለዶቹ ታላላቅ ከተሞች ነፍስ ይዘራሉ፤ የኒው ዮርክ አምስት ክፍላተ ከተማም እያንዳንዳቸው በአንድ ሰው ሥጋ ይለብሳሉ። ይህ አጭር ጥናት ሐሳቡ ለአዲስ አበባ ንባብ ምን ያህል እንደሚያገለግል ይመረምራል።

በመደምደሚያው መጽሐፍ አደጋው ከሌላ ዓለም በመጣ ጠላት ብቻ የተወሰነ አይደለም። የኩዊንስ ተወካይ የሆነችው ስደተኛዋ ፓድሚኒ ሥራዋን ስታጣ በአገሪቱ የመቆየት መብቷም አብሮ ይናጋል። የብሩክሊን ተወካይ በበኩሏ ለከንቲባነት ትወዳደራለች። የከተማዋ ህልውና፣ እንግዲህ፣ ነዋሪው በስፍራው ጸንቶ መኖር በመቻሉ ላይ ይመሠረታል። ተከታታዩ በሦስት መጻሕፍት እንዲጠናቀቅ ታስቦ ነበር፤ ደራሲዋ እንደገለጸችው ግን እውነታው ልቦለዱን እየቀደመ ስላስቸገራት በሁለት ተገታ። የፍጻሜው ጥድፊያ ከዚህ የመነጨ ይመስላል።

ሐሳቡ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ አንድ ልዩነት ይገጥመዋል። ብሩክሊን እስከ 1898 እ.ኤ.አ. ድረስ ራሷን የቻለች ከተማ ስለነበረች የራሷን ማንነት ይዛ ነው ኒው ዮርክን የተቀላቀለችው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ግን በ1995 ዓ.ም. በተደረገው አስተዳደራዊ አከፋፈል የሁለት ሰፈሮችን ስም አጣምሮ የተሰየመ ነው። የመጀመሪያው ስም ያለ ሽቦ የሚሠራውን የሬዲዮ ቴሌግራፍ ያስታውሳል፤ ሁለተኛው በኦሮምኛ የግራር ስም ነው። ነዋሪው «ሰፈርህ የት ነው?» ሲባል ጎፋ፣ መካኒሳ፣ ለቡ ወይም ጀሞ ይላል እንጂ የክፍለ ከተማውን ስም አያስቀድምም። ስለዚህ የጄሚሲን ሐሳብ እዚህ የሚሠራው በሰፈር ደረጃ ነው።

ጀሞ ለዚህ ከባድ ፈተና ነው። በጋራ መኖሪያ ቤቶቹ ዕጣ የወጣላቸውና ከመሀል ከተማ በልማት የተነሡ ሰዎች ጎረቤት ሆነዋል። ማንሃተንን የሚወክለው ማኒም ለኒው ዮርክ አዲስ መጤ በመሆኑ፣ መጤነት ብቻውን የስፍራን ነፍስ ከመሸከም አያግድም። አዲስ ዕድር ያቋቋሙ የጀሞ ጎረቤታሞችም በዚሁ መንገድ ሊነበቡ ይችላሉ። ሆኖም የልቦለዱ ተወካዮች ኃይላቸውን የሚያገኙት ከቆሙበት ስፍራ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስና ሰዎቹ በየአቅጣጫው ሲበተኑ ነፍሱ ከፍርስራሹ ጋር ትቀራለች ወይስ ከተነሺዎቹ ጋር ትሄዳለች? ጄሚሲን ኒው ዮርክን ስትጽፍ ይህ ጥያቄ ዋና ጉዳይዋ አልነበረም፤ የአዲስ አበባን ምናባዊ ልቦለድ የሚጽፍ ደራሲ ግን ሊያልፈው አይችልም።